አንገቴ ላይ የነበረው ገጽ

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ትልልቅ ሰዎች ሲጣሉ የማይበት የራሴ ቦታ ነበረኝ። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጎን፣ እናቴ ልብስ የምትተኩስበት ላውንደሪ ነበር። ባለቤቱ ባክሺሽ ሲንግ ፎቁ ላይ ይኖሩ ነበር። ደረጃው ሲያልቅ ጫማ የሚወለቅበት ጠባብ ኮሪደር አለ። እኔ እዚያ፣ የሰው ጫማ መሐል ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ከታች የመተኮሻው እንፋሎት ይመጣል፤ ከውስጥ የሄልና የወተት ሻይ ይሸታል። በሩ አይዘጋም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰባት ጥምጣም የጠመጠሙ ሰዎች፣ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ወለል ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ይጯጯሃሉ።

አንዱ ጉልበቱን ይመታል። አንዱ ከደብተር እያነበበ ጣቱን ወደ ጣሪያው ይቀስራል። አንዱ ይስቃል፣ ግን የሹፈት ሳቅ ነው። ከዚያ የባክሺሽ ሲንግ ልጅ ኒርማል፣ ያኔ የኮሌጅ ተማሪ፣ ሻይ ይዛ ትገባና ሻዩን አስቀምጣ አትወጣም። ቁጭ ብላ እሷም አባቷ ላይ ትጮሃለች። እኔ እርሳሴን አቁሜ የምጠብቀው ጥፊውን ነበር። የጥፊው ድምፅ መጥቶ አያውቅም።

"አንድ ቀን እዚህ ቤት ደም ይፈስሳል" ትለኝ ነበር እናቴ። "ያን ቀን ፖሊስ ይመጣል። ፖሊስ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው እኛን ነው።"

ወረቀታችን ሙሉ ነበር። የመጣነው በዲቪ ነው፤ ግሪን ካርዳችን በፌስታል ተጠቅልሎ ፍራሽ ሥር ተቀምጧል። እናቴ ዓለምፀሐይ ግን መልካም ነገር ሲያጋጥማት እንኳ ከኋላው የሚመጣውን ክፉ የምትፈልግ ሴት ናት። ይህን የምለው ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኔም እናት ከሆንኩ ወዲህ እንደዚያው ነኝ። ልጄ ዶርካስ ሁለቴ ካስነጠሰች ሆስፒታል እየደወልኩ ነው።

ሰዎቹ አይጣሉም ነበር። ይህን ለማወቅ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። ከሕንድ የመጡ የሲክ እምነት ተከታዮች ናቸው። አንዱ ትራክ ነጂ፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም፣ አንዱ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ። ስድስት ቀን ሙሉ "ዬስ ሰር" ሲሉ ይከርሙና በሰባተኛው ቀን ተሰብስበው ስለ እምነታቸው ይከራከራሉ። ሴት በቤተ ጸሎቱ እንደ ወንድ ለምን አታገለግልም፣ ጉልበቱን የታመመ ሽማግሌ ማዕድ ላይ ለምን ወንበር አይፈቀድለትም፣ ይህን ስንኝ የጻፈው ማን ነው። ሲጨርሱ ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን እየፈለጉ ይተቃቀፋሉ። ተፈራርተው የሚተቃቀፉ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያጯጩሃቸው አንድ ገጽ ነበር። ቅዱስ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ ይባላል፤ ጉሩ የሚሏቸው የእምነቱ የጥንት መምህራን ቃል ነው። መጨረሻው ላይ የዜማ ስሞች የተዘረዘሩበት አጭር ግጥም አለ፤ ራግማላ ይሉታል። ከሲኮቹ አንዳንዶቹ "ከጉሩዎቹ የመጣ ነው፣ እንደ ሌላው ቃል ሁሉ ይነበባል" ይላሉ። ሌሎቹ "በኋላ ሰው የጨመረው ነው፣ ንባብ ከሱ በፊት ያልቃል" ይላሉ። ክርክሩ የቆየ ነው፤ ዛሬም አላለቀም። ባክሺሽ ሲንግ ከሁለተኞቹ ወገን ነበሩ።

ከእሑድ ሰዎች አንዱ ኩልዋንት ሲንግ ይባላል። የጉርድዋራው፣ የቤተ ጸሎታቸው ማለት ነው፣ ኮሚቴ አባል ነበር። ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል፤ አንቱ ማለት ነበረብኝ። አልልም። ቅድመ አያቱ በእጅ ያስጻፉት የድሮ መጽሐፍ ነበረው፤ ጥራዙ ረግፎ ገጾቹ ተለያይተዋል። ባክሺሽ ሲንግ እንዲመረምሩት ለአንድ ዓመት አዋሳቸው። ለነሱ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ሕያው መምህራቸው ነው። ከውስጠኛው ክፍል፣ ከድባብ ሥር፣ በሐር ተሸፍኖ ተቀመጠ። ጠዋት ይገለጣል፣ ማታ ይሸፈናል። ያልታጠበና ራሱን ያልሸፈነ አይገባም።

እናቴ ግን ትገባለች። የመጀመሪያ ቀን ለማጽዳት ስትወጣ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን ተከናነበች፣ መቃኑን ተሳለመች። ባክሺሽ ሲንግ ቆመው ሲያዩአት ነበር።

"ከኮሚቴው ግማሹ እንዲህ አይገባም" አሉ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉን ከኒርማል ሌላ የምታጸዳው እሷ ብቻ ሆነች። ቤቲ ይሏታል፤ በቋንቋቸው ልጄ ማለት ነው። እኔ የእናቴን ስም መያዝ ያቃታቸው መስሎኝ እታዘባቸው ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ከበሩ ጠሩኝ። እጄን አስታጥበው፣ በኒርማል ሻርፕ ራሴን ሸፍነው፣ ገጾቹን ሳያስነኩኝ በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። ፊደሎቹ እንደኛ አይደሉም፤ ከላይ መስመር አላቸው፣ ከገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ ተንጠልጥለዋል።

"ይህን ሁሉ የጻፈው አንድ እጅ ነው" አሉኝ። ከዚያ ከመጨረሻ የነበረውን የራግማላውን ገጽ አሳዩኝ። "ይኼን ግን ሌላ እጅ ነው የጻፈው። ቀለሙን እይ። ይኼ ከነሱ አይደለም።"

ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው በራ። የተናደዱ መሰለኝ። ገጹን የጠሉት መሰለኝ። ያ ገጽ ከእጃቸው የነበረ ብቸኛ ማስረጃ መሆኑን፣ ዓይናቸው የበራው በደስታ መሆኑን ያኔ ማን ይንገረኝ። እናቴ ከኋላችን መስኮቱን እየወለወለች ነበር። እሷም እንግሊዝኛዋ የቻለውን ያህል ሰማች። "ከነሱ አይደለም" የሚለውን ሰማች።

ያን ዓመት የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። በዚያው ሳምንት ኮሪደሩ ላይ ጣለኝ። ስነቃ አፌ ብረት ብረት ይለኛል፣ ጉንጬ የሰው ጫማ ላይ ነው፣ እናቴ ከላዬ ሆና "በቃ፣ አለቀልኝ፣ ልጄን ወሰዳት" ትላለች። እየሰማኋት። አልሞትኩም እንዳልላት ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

ረቡዕ ዕለት የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ከአሮጌ ቦርሳዋ የቆረጠችውን ቆዳ በወፍራም መርፌ ስትሰፋ አገኘኋት። የጣት ሁለት አንጓ የምታህል ነገር ነች።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"ክታብ ነው። ጎጃም ያሉ ደብተራ ጽፈው ላኩልሽ። ለማንም እንዳታሳዪ፣ ከታየ ኃይሉ ይሄዳል።"

በጥቁር ክር አንገቴ ላይ አሰረችው። ከልብሴ ሥር ደረቴን ይኮሰኩሰኛል፤ እኔ ግን ኮራሁበት። ከክፍሌ ልጆች ከጎጃም የተላከለት አልነበረም።

ከጎጃም ማንም ምንም አልላከም። እናቴ ታጥባ፣ ተከናንባ፣ ከውስጠኛው ክፍል ያን ገጽ አንስታ፣ ስምንት ቦታ አጥፋ፣ ቆዳ ውስጥ ሰፍታው ነው። ቅዱስ ጽሕፈት የሚጥለውን መንፈስ ያርቃል ብላ ታምናለች፤ ፊደሉ የማንም ይሁን። ሰውዬው ደግሞ ይኼ ከነሱ አይደለም ብለዋል፤ የማይፈለግ ገጽ ነው፣ የጎደለም አይታወቅ። የማያምን ሰው ቢሆን አይነካውም ነበር። ጫማዋን ባታወልቅ፣ መቃኑን ባትሳለም፣ ወረቀት ነው ብላ አቧራውን ጠርጋለት በወጣች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የምናደድበት ሰው ይጠፋኛል፣ ከዚያ ሁሉም ላይ እናደዳለሁ።

ክታቡን ካሰርኩ ወዲህ አልጣለኝም። በዚያው ሰሞን ክሊኒኩ መድኃኒቴን ቀይሮ ነበር። እናቴ መድኃኒቱን አላመሰገነችም።

በሦስተኛው እሑድ ኮሪደሩ በጫማ ሞላ። ሃያ ጥንድ ይሆናል፤ ደረጃው ላይ ሁሉ ተደርድሯል። ባክሺሽ ሲንግ ጠርተዋቸው ነው። ማስታወሻቸውን ጨርሰው ስለነበር የመጨረሻውን ገጽ እስከዚያ ቀን አላወጡትም። ሌላ ከተማ ድረስ ደውለው፣ "ገጹን በዓይናችሁ እዩና ከዚያ ተከራከሩኝ" ብለው። አዲስ ሰማያዊ ጥምጣም አድርገው ነበር። ኒርማል የተጻፈ ወረቀት ይዛ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጠናለች። እኔ ፓርቲ መሰለኝ።

ባክሺሽ ሲንግ ሐሩን ገለጡ። ገጾቹን አንድ በአንድ፣ በሁለት እጅ እያነሱ ወደ መጨረሻው ደረሱ። ከዚያ ጸጥ አለ። ያ ክፍል ሰው ኖሮበት ጸጥ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"እዚህ ነበር" አሉ ባክሺሽ ሲንግ።

ኩልዋንት ተነሣ። ፑንጃቢውንና እንግሊዝኛውን እያደባለቀ ነው የሚናገረው። "ቀደድከው" አለ። "የቤተሰቤን መጽሐፍ አምኜ ሰጠሁህ፣ ቀደድከው። አፍህ አልበቃህ ሲል በእጅህ መጣህ።"

"ፈልጉ" አሉ እሳቸው። "እባካችሁ አብረን እንፈልግ።"

"አባቴ ሊያሳያችሁ እኮ ነው የጠራችሁ" አለች ኒርማል። "የጠራችሁበትን ነገር ለምን ይቀደዋል? ማስረጃው እኮ እሱ ነው። ማን ነው የራሱን ማስረጃ የሚቀድ?"

ትክክል ነበረች። ያ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው የተናገረችውን ሰምቷል። ሃያ ሰው ግን የመጽሐፉ ገጽ ጠፋ የሚለውን ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር አይሰማም። ለነሱ ያ እንደ ሰው መቁሰል ነው።

ኩልዋንት ወደ ኮሪደሩ ወጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ጺሙ ሽቶ ይሸታል።

"ስምሽ ማን ነው?"

"ናዝራዊት።"

"ናዝራዊት፣ አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትቀመጪው። አንክል ባክሺሽ ወረቀት ሲቀድ አይተሻል?"

አይቼ ነበር። ባክሺሽ ሲንግ በየማታው የጻፉትን ረቂቅ በትንንሹ ይቀድዳሉ። ቅዱስ ቃል ያለበትን ቁራጭ ለይተው በነጭ ከረጢት ያጠራቅሙታል፤ ቆሻሻ ላይ አይጣልም፣ በክብር ይቃጠላል።

"አይቻለሁ" አልኩ።

"ብዙ ጊዜ?"

"ብዙ ጊዜ።"

ጮክ ብዬ ነው የመለስኩት። በዚያ ቤት ትልቅ ሰው ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ዓይነት ወረቀት ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከሃያ ሰው አንድ አልጠየቀኝም።

እናቴ ደረጃው መሐል የልብስ መስቀያ ታቅፋ ቆማ ነበር። ትስቅልኛለች ብዬ ዞርኩ። የምታየው ፊቴን አልነበረም፣ አንገቴን ነው።

ኒርማል እየሮጠች ወጣች። "የራሱን ረቂቅ ነው የሚቀደው። ንገሪያቸው። ረቂቁን እንደሆነ ንገሪያቸው።" ረቂቅ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ትከሻዬን ይዛ ስትነቀንቀኝ አለቀስኩ።

ባክሺሽ ሲንግ ከበሩ ላይ እጃቸውን አነሡ። "ተዪአት" አሉ። "ልጅቷ ያየችውን ተናገረች።"

ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈ። ከእንግዲህ መድረክ ላይ አይናገሩም፣ አያስተምሩም፣ መጽሐፉ ወዳለበት አይቀርቡም። መጽሐፉ ወደ ኩልዋንት ተመለሰ። በሚቀጥለው እሑድ ኮሪደሩ ላይ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ነበር፣ የራሳቸው። እኔ ለክፍሌ ልጆች ሌባ እንዳስያዝኩ አወራሁ። በመንገድ ሳገኛቸው ወደ ሌላኛው ዳር እሻገር ነበር፤ መጥፎ ሰው ናቸዋ። እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኝ ነበር።

እናቴ ወር ሳይሞላ ሥራውን ለቀቀች። ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ትኬት መቁረጥ ጀመረች። ላውንደሪው ተዘጋ። ባክሺሽ ሲንግ ከልጃቸው ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ወሬውን የነገረን የምግብ ቤቱ ሰው ጋሼ ለይኩን ነው። እናቴ ሦስት ቀን አለቀሰች። ደግ አሠሪዋ ስለሞቱባት መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት ዶርካስ፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ትኩሳት ይዟት ተንቀጠቀጠች። ሐኪሙ "ከትኩሳቱ ነው፣ አይደገምም" አለን። እናቴ በማግስቱ ልትጠይቃት መጥታ ስትሄድ ልጄ አንገት ላይ ያ ክታብ ነበር። የት አስቀምጣው እንደኖረች እንጃ። ባሌ ጌድዮን ጴንጤ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ አይገባም። የወጥ ቤቱን መቀስ አነሣ። እኔ "ተው፣ ቢጥላትስ" ብዬ እጁን ያዝኩት። ኢየሱስን ተቀብያለሁ ብዬ የተጠመቅኩት እኔ። እጁን አስለቅቆ ክሩን ቆረጠና ቆዳውን ቀደደው።

"ሐኒ፣ ይኼ ግዕዝ አይደለም" አለኝ።

ፊደሎቹ ከመስመር ላይ ተንጠልጥለዋል። ቀለሙ ቡናማ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

እናቴ ቤት እስክደርስ ሁለት ጊዜ ቀይ መብራት አልፌያለሁ።

"እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ማነው የከፈተው?"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

"ከፍታችሁት ልጅቷን ቢጥላት በማን ልታሳብቡ ነው?"

"እማዬ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ነበርሽ። ሰውየውን ሲያዋርዷቸው እያየሽ ነበር።"

ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ሪሞቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ሸፈነችው። "ምን ብዬ ልናገር? ሌባዋ እኔ ነኝ ብዬ? አስረው ይመልሱኝ ነበር። አንቺን ማን ያሳድግሽ? አባትሽ ከመቃብር ተነሥቶ?"

"በማግስቱስ? አንድ ጥግ ወድቆ አገኘሁት ብትዪ ምን ነበረበት?"

"ሦስት ሳምንት አልጣለሽም ነበር" አለች። "ሦስት ሳምንት ሙሉ። አውልቄ ልመልስና ብትሞቺስ? ሰውየው ስማቸውን ነው ያጡት። እኔ ልጄን ነበር የማጣው። አንቺ ንገሪኝ፣ የዶርካስ ቢሆን ታወልቂዋለሽ?"

አላወልቅም። የጌድዮንን እጅ ይዤ ነበር እኮ። የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ለባክሺሽ ሲንግ ልቆምላቸው ሄጄ፣ በእናቴ ሶፋ ፊት ቆሜ፣ በልቤ ከእሷ ጋር ተስማማሁ። ስለዚህ በሩን ደርግሜባት ወጣሁ።

ኒርማልን በፌስቡክ አገኘኋት። ሎስ አንጀለስ ተመልሳ ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ጸጉሯ ሸብቷል። ምሳ ሰዓቷ ላይ ባዶ የስብሰባ ክፍል ውስጥ አስገባችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ወጥታ እጇን ታጠበች፣ ሻርፗን ራሷ ላይ አደረገች፣ ገጹን በንጹሕ ጨርቅ ተቀበለችኝ። እጥፋቶቹን በጣቷ ሳትነካ ተከተለቻቸው። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። የመጣው ቁጣ ነው።

"እኔ በዚህ ገጽ ከአባቴ ጋር አልስማማም ነበር፤ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "አሁንም አልስማማም። የጉሩ ነው ብዬ ነው የማምነው። ሌላ እጅ ጻፈው ማለት ሌላ ሰው ፈጠረው ማለት አይደለም። ጸሐፊ ይታመማል፣ ይሞታል፣ ሌላው ይቀጥላል። ያን እሑድ ይህንን ልነግረው ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር። በሰው ፊት ልረታው ነበር። እሱም ያውቃል። ጠዋት ቁርስ ላይ 'ዛሬ ልጄ ልትበላኝ ነው' እያለ ሲስቅ ነበር።"

"ከዚያ በኋላስ አልተከራከራችሁም?"

"ገጽ ቀደደ በተባለ ሰው ላይ እንዴት ልከራከር? አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከኮሚቴው ጋር የቆምኩ ይመስላል። እሱም ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልተናገረም። እንዲያ ስንጮህ የኖርነው ሰዎች ሁለት ዓመት 'በላህ ወይ፣ ጠጣህ ወይ' ብቻ ተባብለን ሞተ። አንቺና እናትሽ ይህን ነው የወሰዳችሁት። ወረቀቱን አይደለም።"

ይቅርታ አልኩ። ገጹን በጨርቁ ሸፈነችው።

"እሑድ መጥተሽ ትናገሪያለሽ። ጉርድዋራው ውስጥ፣ በማይክራፎን። ማን እንደወሰደው፣ በስሙ።"

"የእናቴን ስም?"

"የአባቴን ስም ሁሉም ጠርተውታል።"

እናቴ "ካልቀረሽ አብሬሽ ልሂድ፤ ሲያስሩሽ አጠገብሽ ልሁን" አለች። እሑድ ጉርድዋራው ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩ። ከመኪናው አልወርድም አለች፤ በሮቹን ከውስጥ ቆለፈች።

ሰው ብዙ ነው። ራሴን ሸፍኜ፣ ኒርማል አጠገቤ ቆማ፣ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። "ገጹን የወሰደችው የላውንደሪው ሠራተኛ እናቴ ዓለምፀሐይ ወልደየስ ናት። ባክሺሽ ሲንግ አልቀደዱትም። ቀደዱ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሲቀድዱ ያየሁት የራሳቸውን ጽሑፍ ነበር።" ይጮሁብኛል፣ ይተፉብኛል ብዬ ነበር። ከፊት ወንበር ላይ ኩልዋንት ከዘራ ይዞ ተቀምጧል፤ ጉልበቱን ስለታመመ ወንበር ተፈቅዶለታል። እጆቹን ገጥሞ ወደ ላይ አነሣ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። "ገጹ ተገኘ።"

ብዙዎቹ ተከተሉት። አንዳንዶቹ አለቀሱ፣ ለገጹ። ጸሎቱ አልቆ ወደ ማዕድ አዳራሹ ስንሄድ አንድ ወጣት ገጹን ማስመርመር ይቻላል ወይ ብሎ ኒርማልን ጠየቃት። ሌላው "ምን ይመረመራል፣ ቃል በቀለም አይመዘንም" አለ። አንዲት ልጅ ከስልኳ ስለ ሌሎች የድሮ መጽሐፎች አነበበች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጩኸት ሆነ፣ ያ የማውቀው ጩኸት። ኒርማል ሳህኗን ትታ መዳፏን በመዳፏ እየመታች መሐል ገብታለች። ፊቷ በርቷል። ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ። ስለ ቀለሙ፣ ስለ እጁ፣ ስለ ዘመኑ ተባለ። የባክሺሽ ሲንግን ስም የጠራ የለም።

ወደ ኩልዋንት ሄድኩ። "ስለ እሳቸውስ ምን ትላለህ?"

"ያኔ የምናውቀው ያን ነበር" አለኝ በእርጋታ። "ደግሞም የመሰከርሽው አንቺ ነሽ።"

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" አልኩት። "አንተ ስንት ዓመትህ ነበር?"

ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ አጠገባችን ያሉት ዞረው አዩን። ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። መልስ እስኪሰጠኝ ቆምኩ። ሰው ምግብ እያደለ በመሐላችን ሁለት ጊዜ አለፈ። በሁለተኛው ኩልዋንት ሳህኑን ዘረጋለት።

እናቴ የመኪናውን በር የከፈተችልኝ መስታወቱን ሦስት ጊዜ ካንኳኳሁ በኋላ ነው።

"ስሜን ጠራሽ?"

"ጠራሁ።"

"ከነአባቴ?"

"ከነአባትሽ።"

"ፖሊስ ጠሩ?"

"አልጠሩም።"

"ታዲያ ምን አሉ?"

"ስለ ቀለሙ እየተከራከሩ ነው።"

"ስለ እኔስ?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"ምንም፣ እማዬ። ያኔ ብትነግሪያቸውም ምንም አይሉሽም ነበር።"

ይህ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እንዲያማት ብዬ ነው የተናገርኩት፤ አመማትም። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናነበች። ፌርፋክስ እስክንደርስ እኔም ይቅር በይኝ አላልኳትም።